መጽሐፌን ከጅራቱ የጠረግኩበት ዓመት

ከሁሉ በፊት ማን እንደሆንኩ ይታወቅ። በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ገደማ፣ ከሸዋ ሮቢት ጀምሮ እስከ ታችኛው የቀወት ቆላ ድረስ፣ ወንዝ ጠልፎ ማሳ ማጠጣትን ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም። ሌሎቹ እስኪሉት መጠበቅ ስለማልወድ ግን ቀድሜ እናገረዋለሁ። ገና ጢሜ በወጉ ሳይሞላ የቦያችን የውሃ አባት ሆኜ ተመርጫለሁ። የውሃ አባት ማለት ውሃው ዛሬ ለማን፣ ነገ ለማን እንደሚደርስ ተራ የሚያወጣ፣ ተራ የሰረቀውን የሚገሥጽ፣ የተጣላውን የሚያስታርቅ ሰው ነው። ክርስቲያኑም እስላሙም ዳኝነቴን ይቀበል ነበር። አማርኛው የእናቴ ነው፤ በኦሮምኛ እከራከራለሁ፤ ከሽማግሌዎች አፍ የለቀምኳት አርጎብኛም ለገበያ ትበቃኛለች።

ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት ከፍርድ ቤት መጥሪያ ላይ ነው። በአገራችን ሰው ስለ ውሃ ሲሟገት ይኖራል፤ መጥሪያ እንደ ቅጠል ይበተናል። አንዱን መጥሪያ ለአንድ ቄስ አስነብቤ ቃሉን በልቤ እይዛለሁ፤ ከዚያ ወረቀቱን ቤቴ ይዤ ገብቼ የያዝኩትን ቃል ከፊደሉ ጋር አዛምዳለሁ። «ከሳሽ» የሚለውን ቃል ከስሜ ቀድሜ መጻፍ ችያለሁ። በዚህ መንገድ የተማረ ሌላ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው መጽሐፍ ቢጽፍ ምን ይገርማል? ጻፍኩ። ወንዝ እንዴት እንደሚጠለፍ፣ ቦይ በምን ያህል ቁልቁለት እንደሚቆፈር፣ በርበሬ ስንት ውሃ፣ ሸንኮራ አገዳ ስንት ውሃ እንደሚጠጣ፣ ተራ እንዴት እንደሚወጣ፣ ጎርፍ የናደው ቦይ እንዴት እንደሚጠገን፣ አንድም ሳይቀር። ክረምት በመጣ ቁጥር፣ ወንዙ ሞልቶ ሥራ ሲፈታ፣ ባለ መስመር ወረቀቴን ዘርግቼ እጽፋለሁ። ሲያልቅ ወረቀቱ የበግ ግልገል አክሎ ነበር። ስልቻ ውስጥ ከትቼ፣ አፉን በጠፍር አስሬ፣ በጥቅምት ወር አዲስ አበባ በሚወጣው አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

በሰው በሰው ያገኘሁት ማተሚያ ቤት ቀለምና ላምባ ይሸታል። ኃላፊው መነጽር ያደረገ ወጣት ነበር። ስልቻዬን ተቀብሎ፣ እኔን ለጥቂት ቀናት ዘመድ ቤት እንድቆይ አድርጎ አነበበው። ስመለስ ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ በሁለት ተከፍሎ ጠበቀኝ። አንደኛው ክምር ወፍራም፣ ሁለተኛው ቀጭን ነው።

«ጋሼ፣ መጽሐፉ ስለ ውሃ ነው ብለውኝ ነበር» አለኝ።

«ነው እንጂ።»

እጁን በወፍራሙ ክምር ላይ አሳረፈ። «ይህን ሁሉ አነበብኩ። እስካሁን ግን ጉሮሮዬ አልራሰም።»

በመጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ አንድ በአንድ እያገላበጠ አሳየኝ። ወፍራሙ ክምር ምስጋና፣ ምርቃት፣ የቦዩ ባለ ማሳዎች ስም፣ የእነሱ አባቶች ስም፣ የእኔ የሕይወት ታሪክና ስለ ሙግቶች የተጻፈ ነበር። ውሃው ያለው በቀጭኑ ክምር ውስጥ ነው። ቀጭኑን ግን ደጋግሞ አንብቦት ኖሯል፤ በጠርዙ ላይ የጣቱ ቀለም ቀርቶበታል። እንዲህ ያለ ነገር በአማርኛ ተጽፎ አላየሁም፣ ልጅ እያለሁ አባቴ ይህ መጽሐፍ ቢኖረው ኖሮ የቆላ መሬታችንን ጥለን አንሰደድም ነበር አለኝ። ይህን ሲለኝ ዓይኑን አየሁት፤ የሚሸነግል ሰው ዓይን አልነበረም።

ከዚያ ውሉን ነገረኝ። ግማሽ አድርጌ ካመጣሁለት በራሱ ወረቀት ያትመዋል። ነገር ግን ዐቢይ ጾም ሳይገባ መድረስ አለበት፤ ጾም ከገባ ማሽኑ የጸሎት መጻሕፍት ነው፣ ከዚያ በኋላ ቃል አይገባልኝም። እዚሁ የሚያርምልኝ ሰው የለህም ወይ ብዬ ጠየቅኩት።

«የሚያርም ሰው አለን። ግን ውሃ አያውቅም። እሱ ከቆረጠው የሚያስፈልገውን ጥሎ የማያስፈልገውን ያስቀርልዎታል። እርስዎ ራስዎ ያርሙት።»

ስመለስ እስከ ጣርማ በር ድረስ ስልቻዬን አቅፌ ተናደድኩ። አውቶቡሱ በዋሻው ውስጥ አልፎ ቁልቁል መውረድ ሲጀምር፣ ብርዱ ከትከሻዬ እየተነሣ የቆላው ሙቀት ፊቴን ሲነካኝ፣ ሐሳቤ ተገለበጠ። ይህ ልጅ በአዲስ አበባ ካሉት ሰዎች ሁሉ ይህን መጽሐፍ ማረም የሚችለው እኔ ብቻ ነኝ ማለቱ አይደል? አዲስ ሙያ ተሰጠኝ! ጋቢዬን አውልቄ ለብቻዬ እየሳቅኩ ሮቢት ገባሁ።

በማግስቱ ጀመርኩ። የጠፍር አልጋዬን ከዳሱ ሥር አውጥቼ፣ ወረቀቱን ዘርግቼ፣ ነፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ ጭኜ፣ ከመጀመሪያው ገጽ ተነሣሁ። መጀመሪያው ገጽ ግን በጣም ያምራል። እውነቴን ነው፤ እንደዚያ ያለ መግቢያ ጽፎ የቆረጠ እጅ ይቆረጥ ያሰኛል። ስለዚህ አሳመርኩት። ሲያምር ደግሞ ጎኑ ያለው አስቀያሚ ሆነ፤ እሱንም አሳመርኩ። በዚህ ዓይነት ጥቅምት አለቀ።

ባለቤቴ አንድ ቀን ስልቻውን ለመጥረግ ብላ አነሣችው። ማንበብ አትችልም፤ ሚዛን ግን እጇ ላይ ነው፤ ዶሮ ሳይመዘን ስንት ሥጋ እንዳለው ትናገራለች።

«ሰውየው አሳጥር አለዎት ወይስ አርዝም?» አለችኝ።

«አሳጥር ነው ያለኝ። ምነው?»

«ሳይሄድ እንዲህ አይከብድም ነበር።»

ወረቀቱን ቆጥሬ አየሁት፤ ልክ ነበረች። መጽሐፉ ወፍሯል። ጾሙ እየመጣ ነው፣ መጽሐፌ ደግሞ እንደ ፋሲካ በግ እየደለበ ነው። መውጫው ጠፋኝ። ሰው የማያውቀውን ሥራ ሲጀምር መጀመሪያ እንዲህ ነው፤ ለእኔ ግን እንዲህ ያለ ነገር ብርቅ ስለሆነ በጣም አስገረመኝ።

መፍትሔውን ያገኘሁት በኅዳር፣ በቦይ ጠረጋ ቀን ነው። ክረምቱ ሲወጣ ቦያችን በደለል ይሞላል፤ ተራ ከመጀመሩ በፊት ባለ ማሳው ሁሉ ዶማና አካፋ ይዞ ወጥቶ ይጠርጋል። የቦዩ ራስ ወንዙ የተጠለፈበት ቦታ ነው፤ ጅራቱ ደግሞ ውሃው መጨረሻ ላይ የሚደርሰው ማሳ ነው። በእኛ ደንብ ጠረጋ የሚጀመረው ከጅራቱ ነው። ሁሉም ሰው እታች ይወርድና ወደ ላይ እየጠረገ ይወጣል። ከራሱ ቢጀመር የራስ ባለ ማሳዎች የራሳቸውን ደጅ አስጠርገው፣ ውሃቸውን አግኝተው፣ ወገቤን ብለው ወደ ቤታቸው ይገባሉ፤ ጅራቱ በደለሉ ይቀራል። ከጅራት ከተጀመረ ግን ማንም የራሱ ደጅ ሳይደርስ አይመለስም። ይህን ደንብ ያወጡት የቀድሞ ሰዎች የሰውን ሆድ ያውቁ ነበር።

እኔ ጭቃው እስከ ጉልበቴ ደርሶ ወደ ላይ ስጠርግ፣ አካፋው እጄ ላይ ቀረ። እኔ መጽሐፌን የምጠርገው ከራሱ ነው! መግቢያው ላይ ውሃዬን ጠጥቼ፣ ረክቼ፣ ወገቤን ብዬ እተኛለሁ። ጅራቱ ጋ አንድ ቀን እንኳ አልደረስኩም። ይህን በልቤ ሳይሆን በድምፄ ተናግሬው ኖሯል፤ ከጎኔ የነበሩት ሰዎች ሳቁ። አንዱ ፀሐይ መታችው አለ። ሌላው ደግሞ አይ፣ ፀሐይ አይደለችም፣ ወረቀት ነው የመታው ብሎ አሳቀብኝ። ይሳቁ። እኔ የዚያን ቀን ከሁላቸው በላይ ጠረግኩ፤ በደስታ እንጂ በድካም አልነበረም የምሠራው።

ከዚያን ዕለት ጀምሮ መጽሐፌን ከመጨረሻው ምዕራፍ ወደ ኋላ አረምኩ። ምን አገኘሁ መሰላችሁ! የመጨረሻው ምዕራፍ፣ ጎርፍ የናደውን ቦይ ስለ መጠገን የሚናገረው፣ ከሁሉም የሚያጥርና ከሁሉም የሚገባ ነበር። ስጽፈው ደክሞኝ ስለነበር ለማስዋብ ጉልበት አልነበረኝም። ስለዚህ እሱን መለኪያ አደረግሁት። ወደ ላይ ስወጣ እያንዳንዱን አንቀጽ «ውሃ ታሳልፋለህ ወይስ ደለል ነህ?» እያልኩ እጠይቀዋለሁ። «ከላይ በተጠቀሰው መሠረት» የሚለው ሁሉ ደለል ሆኖ ተገኘ፤ ከመጥሪያ ላይ የተማርኩት ነው፣ ለመጥሪያ መለስኩት። አንድን ነገር በሦስት ምሳሌ ነግሬ ከሆነ ሁለቱን አስወጣለሁ፤ መጀመሪያ ላይ ቆዳዬን እንደ መግፈፍ ነበር፣ በኋላ ግን እጄ ለመደው። እንዲያውም ወደድኩት። አንድ ረጅም ዐረፍተ ነገር ቆርጬ የቀረው በእግሩ ሲቆም ሳይ ብድግ ብዬ አልጋውን እዞረዋለሁ። ባለቤቴ ከጓዳ ሆና «ምን አገኙ?» ትለኛለች፤ ምን እንዳጣሁ እነግራታለሁ።

የምቆርጠው በእሷ መቀስ ነበር። ከቆረጥኩ በኋላ የተረፈውን በአዲስ ወረቀት ላይ በዱቄት ሙጫ ለጥፌ አደርቃለሁ። አንድ ጧት ስነሣ ጉንዳን ስለ ተራ አወጣጥ የጻፍኩትን ምዕራፍ ተሰልፎ እየበላ አገኘሁት። ባለቤቴ ከዚያ በኋላ ከግራር ላይ የሚወጣውን ሙጫ ሰብስባ፣ በውሃ አቅልጣ ሰጠችኝ። እሱን ጉንዳን አይደፍረውም። የመጽሐፍ ማረሚያ ሙጫ በይፋት ቆላ ዛፍ ላይ እንደሚበቅል የታወቀው በዚያ ቤት ነው።

አንድ ነገር ግን አልነካሁም ነበር። በእኛ የውሃ ሸንጎ ማንም ሰው ስለ ውሃ አንድ ቃል ከመናገሩ በፊት የቦዩን ባለ ማሳዎች ከራስ እስከ ጅራት በየስማቸው እየጠራ ይመርቃል። አንዱን ከዘለለ ያ ሰው ተነቅፌያለሁ ብሎ በማሳው የሚያልፈውን ቦይ ይደፍናል። ምርቃቱ ከተጀመረም መሐል ላይ አይቋረጥም፤ የተቋረጠ ምርቃት እርግማን ነው ይባላል። እኔም መጽሐፌ ውስጥ እያንዳንዱን ምዕራፍ በዚሁ ምርቃት ነበር የጀመርኩት። ሥርዓት የሌለው ሰው አይደለሁማ። ይህን መቁረጥ ቦይ እንደ መድፈን ሆነብኝ። ደለሉን ሁሉ አውጥቼ እንኳ መጽሐፉ ግማሽ ላይ አልደረሰም፤ ኅዳርም ታኅሣሥም እየሄዱ ነው።

በዚህ መካከል የቦያችን የጅራት ባለ ማሳ መጡ። እኒህ እስላም ሽማግሌ ከእኔ በዕድሜ የሚበልጡ፣ የዐረብኛ ፊደል የሚያነቡ፣ የእኛን ግን የማያነቡ፣ ቀልድ የማያልቅባቸው ሰው ናቸው። ከወንዙ ማዶ አዲስ ማሳ ይዘው በርበሬ ችግኝ አፍልሰውበት ነበር። እስኪ መጽሐፍህን ይዘህ ና፣ ከማሳው ዳር ተቀምጠህ አንብብልኝ፣ እኔ እንደ መጽሐፉ ልሥራ አሉኝ።

«ጋሼ፣ አንቱ ይህን ሥራ ከእናትዎ ሆድ ጀምሮ ያውቁት የለም እንዴ?» አልኳቸው።

«ዛሬ የማውቀውን ሁሉ ረስቼዋለሁ። መጽሐፉ ያለኝን ብቻ ነው የማደርገው። መጽሐፍህ ለማያውቅ ሰው አይደል የተጻፈው?»

ሐሳቡን ወደድኩት። በበነጋታው ከኩርኩራ ዛፍ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ማንበብ ጀመርኩ። ቦይ ቆፍር አልኩ፤ የጀመሩትን ቦይ ጨረሱ። ቁልቁለቱን በውሃ ጠብታ ለካ አልኩ፤ ለኩ። ከዚያ «ወንዙ የተጠለፈበትን አፍ ክፈት» የሚለው ጋ ደረስን፤ ያ ምዕራፍም እዚያ ላይ አለቀ። ቀጣዩ ምዕራፍ ትርፉ ውሃ የሚወጣበትን ቦይ ስለ መቆፈር ነው። እንደ ሥርዓቱ በምርቃቱ ጀመርኩ።

እሳቸው እኔ ምርቃት ላይ መሆኔን ሲያዩ ሄደው አፉን ከፈቱት። መጽሐፉ ክፈት ብሏላ! ውሃው እየተንደረደረ መጣ። እኔ ገና በራስ ባለ ማሳዎች ላይ ነኝ። ውሃው ወደ ችግኞቹ ሲገባ አየሁት፤ ትርፉ የሚወጣበት መንገድ የለም። ማቋረጥ አልችልም፤ ምርቃት ነው። ድምፄን አፋጠንኩት። እሳቸውም ማቋረጥ እንደማይቻል ስለሚያውቁ ማሳው መሐል ቆመው፣ ውሃው ከቁርጭምጭሚታቸው በላይ እየወጣ፣ በእያንዳንዱ ስም «አሚን» ይላሉ። የራሳቸው ስም ላይ ስደርስ በርበሬዎቹ እንደ ዳክዬ ተንሳፍፈው ነበር። ጨርሼ ወረቀቱን ድንጋይ ላይ ጥዬ ዶማ ይዤ ሮጥኩ። ውሃውን በጥድፊያ ወደ ወንዙ መልሰን ችግኞቹን እየለቀምን ጭቃ ውስጥ ተቀመጥን።

«መጽሐፍህ ጥሩ መራቂ ነው» አሉኝ እየሳቁ፣ ጭቃውን ከጢማቸው እየጠረጉ። «እኔ እየተመረቅሁ በርበሬዬ ሰመጠ እንጂ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ያዝን ነበር። እኔ ግን ጭቃው ላይ እንደተቀመጥኩ ሁለት ጣቴን አነሣሁ። በአንድ ጧት ሁለት ነገር አየሁ! እውቀቱ አንድም ስሕተት የለበትም፤ ሁሉም እውነት ነው። ቅደም ተከተሉ ነው የተዛባው። እኔ ነገሮቹን የጻፍኩት እኔ በተማርኩበት ቅደም ተከተል ነበር፤ ወጣት ሳለሁ አፉን መክፈት ቀድሜ ተማርኩ፣ ማሳ ካጥለቀለቅኩ በኋላ ደግሞ የትርፍ ውሃ ማውጫውን። አንባቢው ግን የእኔን ዕድሜ መድገም የለበትም። ሁለተኛው፣ ምርቃቱ ለሸንጎ እንጂ ለመጽሐፍ አይሆንም። ሸንጎ ላይ ውሃ አይፈስም፤ ሰው ብቻ ነው ያለው። መጽሐፍ የያዘ ሰው ግን በሌላ እጁ ዶማ ይዟል።

ለሳቸውም ነገርኳቸው። የሰመጡትን ችግኞች ከራሴ የችግኝ መደብ እተካልዎታለሁ አልኳቸው፤ ተካሁም። ስሞቹን ግን እንዴት ነው ከመጽሐፉ የማወጣው? ሰዉ ስማችን አዲስ አበባ ይታተማል ብሎ ለአማች ሁሉ አውርቷል። እስኪ ሸንጎ ጥራ አሉኝ።

ከጥምቀት በኋላ ሾላው ሥር ተሰበሰብን። ነገሩን በሙሉ ገለጽኩ፤ ስሞቹ ከውስጡ ካልወጡ መጽሐፉ እንደማይታተም፣ ጾሙ እየቀረበ እንደሆነ። ጉርምርምታ ሆነ። አንዱ፣ ስሜ በመጽሐፍ ይታተማል ብዬ ለልጄ አማቶች ነግሬ ውሸታም ልታደርገኝ ነው ወይ አለኝ። ሌላው፣ የእሱን ስም ግን አያወጣም ብሎ ወደ እኔ አገጩን ቀሰረ። ከሁሉም የከፉት የቦዩ የራስ ባለ ማሳ ነበሩ፤ በቅሎ ያላቸው፣ ስማቸው በእያንዳንዱ ምርቃት መጀመሪያ የሚጠራ ሰው። የእኔ ስም ከተነካ ቦዩንም ውሃውንም እርሱት አሉ። መጽሐፌ እዚያ ሾላ ሥር የሚቀበር መሰለኝ።

የጅራቱ ሽማግሌ ብድግ አሉ። ልብሳቸው ላይ የዚያ ቀን ጭቃ እንዳለ ነው፤ ሆነ ብለው ሳያጥቡት የመጡ ይመስለኛል።

«ጠረጋ ከየት ነው የሚጀመረው?» ብለው ጠየቁ።

«ከጅራት» አለ ሰዉ።

«እንግዲያው ከእኔ ጀምር» አሉኝ። «ስሜን ከመጽሐፉ አውጣ።»

ይህን ከተናገሩ በኋላ የላይኛው ጎረቤታቸው ምን ይበል? የጅራቱ ደጁን አስጠርጎ እሱ እንቢ ሊል? እሱም የእኔንም አውጣ አለ። ከእሱ በላይ ያለውም። እንዲያ እንዲያ እያለ ወደ ላይ ወጣ፤ እንደ ጠረጋ ቀን ነው፣ ማንም የራሱን ደጅ ዘሎ መሄድ አልቻለም። መጨረሻ ላይ የራስ ባለ ማሳው ብቻ ቀሩ። ሁሉም ዓይን እሳቸው ላይ ነው። ዝንብ እንደሚከላከል ሰው በእጃቸው የያዙትን ጭራ ወዲያና ወዲህ አሉና ተነፈሱ።

«እኔስ እዚያ መጽሐፍ ውስጥ ብቻዬን ቆሜ ከማን ጋር ልጫወት ነው? አውጣኝ እንጂ።»

ሳቁ ሾላው ላይ የነበሩትን ወፎች አስነሣ። እኔም ምርቃቱን ለመጨረሻ ጊዜ ሙሉውን፣ ከራስ እስከ ጅራት፣ አንድም ስም ሳልዘል በቃሌ መረቅኩ፤ ሰዉም አሜንና አሚን አለ። ከዚያ ቤት ገብቼ መቀሱን አነሣሁ።

ያን ሰሞን እንቅልፍም ምግብም ትዝ አላለኝም። ምዕራፎቹን አልጋው ላይ አሰልፌ ቦታ አለዋወጥኳቸው። ሥራው የሚሠራበትን ቅደም ተከተል ተከተልኩ፤ የትርፍ ውሃ ማውጫው ቀደመ፣ የወንዙ አፍ መክፈቻ ተከተለ። እያንዳንዱን ምዕራፍ ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ቀጥሎ ምን ትሠሪያለሽ ብዬ እጠይቃታለሁ፤ በትክክል ከመለሰች ምዕራፉ ያልፋል፤ ከተሳሳተች ምዕራፉ ነው የሚታረመው፣ እሷ አይደለችም። ምላስ የሚደናቀፍበት ቦታ ሁሉ ዓይንም እንደሚደናቀፍበት የተረዳሁት በዚህ ነው። ወረቀቱ ስልቻው ውስጥ ሲገባ አነሣችው።

«ጥቂት ይቀረዋል» አለች። «የቀሩት አንቱ ነዎት።»

የሕይወት ታሪኬን ማለቷ ነበር። ከመጥሪያ ፊደል ስለ መማሬ፣ ስለ ዳኝነቴ፣ ስለ ሦስቱ ቋንቋዬ የጻፍኩት ረጅም ምዕራፍ። ከሁሉም የተሻለ የተጻፈው እሱ ነው፤ ይህን ማንም አይክደኝም። ነገር ግን ውሃ ታሳልፋለህ ወይ ብዬ ስጠይቀው አላሳልፍም አለኝ። ግማሽ ገጽ አስቀርቼ ሌላውን ቆረጥኩ። ግማሽ ገጹም ቢሆን ከብዙ ሰው ሙሉ ታሪክ ይበልጣል።

ቅበላ ሊሆን ሲል፣ ሰው ሁሉ የመጨረሻ ሥጋውን ሲገዛ፣ እኔ ጣርማ በር ጉም ውስጥ በአውቶቡስ እየወጣሁ ነበር። ማተሚያ ቤት የደረስኩት ዓርብ ቀን ነው፤ ሰኞ ጾም ይገባል። ወጣቱ ኃላፊ ስልቻዬን ሲያይ መነጽሩን አስተካከለ፤ ሲያነሣው ቅንድቡ ተነሣ። ሳይቀመጥ፣ ቆሞ፣ የመጀመሪያውን ገጽ አነበበ። መጽሐፌ አሁን የሚጀምረው እንዲህ ብሎ ነው፤ «ውሃ ከማምጣትህ በፊት የት እንደምታወጣው ወስን።»

ገጹን ገለጠ። ሌላም ገለጠ። እኔ በር ላይ ቆሜ ፊቱን አነብባለሁ፤ አንባቢን ማንበብ የአራሚ ሥራ ነው። መሐል ላይ አንድ ጊዜ ሳቀ፤ ለማስጠንቀቂያ ብዬ ያስገባሁት የሰመጠው በርበሬ ነገር ላይ መሆኑን አወቅኩ። ከዚያ ቀና ሳይል ወደ ውስጠኛው ክፍል ተጣርቶ ፊደል ለቃሚውን አስመጣ። የእርሳስ ፊደሎቹን በመዳፉ አጥብቆ የያዘ አዛውንት መጣ።

«ይህን ዛሬ ጀምርልኝ» አለው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ጋሼ፣ ጠጣሁ።»

ቅዳሜና እሑድን አዲስ አበባ ቆይቼ የተለቀመውን ፊደል በእርማት ወረቀት ላይ ራሴ አረምኩ፤ ፊደል ለቃሚው ስሕተት ስለቅምበት መጀመሪያ ተቆጣ፣ በኋላ ወንበር አቀረበልኝ። መጽሐፉ ወጣ። አሁን ዕድሜዬ ገፍቷል፤ ያን ዓመት ሠርቼ ያሳካሁትን ለማወቅ ለሚፈልግ ሁሉ እንዲህ ነው፦

ማንም ሳያስተምረኝ የራሴን መጽሐፍ ማረም ተማርኩ።

የበግ ግልገል ያህል የነበረውን ግማሽ አደረግሁት፤ አንድም የውሃ እውቀት አልጠፋበትም።

መጽሐፍን ከጅራቱ ማረም እንደሚቻል አገኘሁ። ከዚያ ወዲህ ለጠየቀኝ ሁሉ፣ ለአንድ ቄስና ለአንድ የወረዳ ጸሐፊም ጭምር፣ አስተምሬያለሁ።

ቅደም ተከተል የአንባቢው እንጂ የጸሐፊው እንዳልሆነ አወቅኩ።

ሙሉ የቦይ ሸንጎ በፈቃዱ ስሙን ከመጽሐፍ እንዲያወጣ አደረግሁ፤ ቦዩም ለአንድ ቀን እንኳ አልተደፈነም። በዚህ የጅራቱ ሽማግሌ ረድተውኛል፤ ይህን እመሰክራለሁ።

ጉንዳን የማይበላው ሙጫ፣ በባለቤቴ እጅ።

አይቻቸው የማላውቅ የአጣዬ ወገን ገበሬዎች መጽሐፉን ይዘው ቦይ ቆፈሩ፤ ማሳቸውም አልሰመጠም። ሄጄ አይቻለሁ።

ማተሚያ ቤቱ ሁለተኛ እትም ሲጠይቀኝ፣ ሌላ ጥቂት ገጽ ቀነስኩ። ማንም ሳያዘኝ።